በትምህርት ቤት ግሪንሃውስ ውስጥ ዓሣና ሰላጣ በአንድ ውሃ፦ ለክበብ ተማሪዎችና ለመምህራን ዝርዝር መመሪያ

አኳፖኒክስ ማለት ዓሣና አትክልት በአንድ ውሃ ማሳደግ ነው። ዓሣው ከበላው ውስጥ የተረፈው አሞኒያ ሆኖ ወደ ውሃው ይወጣል። አሞኒያ ሲጠራቀም ዓሣውን ራሱን ይገድለዋል። ግን በውሃው ውስጥ የሚባዙ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱን ተክሉ ይመገበዋል፣ የጸዳው ውሃ ተመልሶ ዓሣው ጋር ይገባል። አፈር የለም፣ ውሃም አይደፋም። የሚጎድለው በትነት የሚሄደውና ተክሉ የሚጠጣው ብቻ ነው።

ይሄን ለተማሪ ማስረዳት አይከብድም። የሚከብደው ሌላ ነው። ትምህርት ቤት ቅዳሜና እሁድ ይዘጋል። መብራት ይጠፋል። ክረምት ሲመጣ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ዓሣው ግን እዚያው ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጉድጓድ ጀምሮ እያንዳንዱን ነገር ስትወስኑ "ማንም በሌለበት ሰዓት ይሄ ነገር ምን ይሆናል?" ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ በታች ያለው አሠራር የተዘጋጀው ለዚህ ጥያቄ ነው። ትንሽ ነው፣ ዓሣውም ጥቂት ነው፣ ለጎብኚ የሚያብረቀርቅ ነገር የለውም፤ ግን ሰኞ ጠዋት ስትገቡ በሕይወት ታገኙታላችሁ።

ልኬቶቹን ያሰብኳቸው ለአዲስ አበባና ለመሰል ደጋ ከተሞች ነው። ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር ወይም ድሬዳዋ ያላችሁ ሥራችሁ ይቀላል፤ እየነገርኳችሁ እሄዳለሁ።

ቦታና ቤት

4 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ ግሪንሃውስ ይበቃል። ቋሚውን ከባሕር ዛፍ፣ ሽፋኑን ደግሞ ፀሐይ ቶሎ የማይበላው ባለ 200 ማይክሮን የግሪንሃውስ ፕላስቲክ አድርጉት። ተራ ላስቲክ ርካሽ ነው፣ ግን በአንድ በጋ ይሰነጣጠቃል። ሁለቱ ጎኖች ወደ ላይ የሚጠቀለሉ ይሁኑ፤ ከውስጥ በኩል የነፍሳት መረብ ይወጠርባቸው። ቀን ላይ ካልተከፈተ ውስጡ ከ35 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ ሰላጣ ደግሞ ሙቀት ሲበዛበት ቶሎ አብቦ ይመራል።

ቦታ ስትመርጡ ከፀሐዩ ቀጥሎ የምታዩት ሁለት ነገር አለ። የውሃ ቧንቧና መብራት ቅርብ ይሁን። ደግሞ ከዘበኛው ቤት የሚታይ ይሁን። ይሄ ሁለተኛው ቀላል ይመስላል፤ ሌሊት ላይ የሚሰማው የፓምፑ ድምፅ ሲጠፋ የሚያውቀው ሰው ግን ዘበኛው ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቆሮሶ፣ ማለትም ቲላፒያ፣ የሚመቸው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ያለ ውሃ ነው። ውሃው 16 አካባቢ ሲደርስ መብላት ያቆማል፣ 10 እና 12 አካባቢ ይሞታል። ግሪንሃውሱ የሚያስፈልገው ከተክሉ ይልቅ ለዓሣው ነው ማለት ይቻላል። ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው፦ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክሲጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ውጭ አገር በተጻፈ መመሪያ ላይ "በ1000 ሊትር 20 ኪሎ ዓሣ" የሚል ካነበባችሁ ለእናንተ አይሠራም። ግማሹን እንኳን አትሙሉ።

ታንኩን ቅበሩት

ሁለት ባለ 1000 ሊትር ነጭ የፕላስቲክ ታንኮች ያስፈልጋሉ፤ በብረት ፍርግርግ የታቀፉት፣ የምግብ ዘይትና ጭማቂ ፋብሪካዎች ዕቃ የሚያስገቡባቸው ዓይነት። ስትገዙ ቀድሞ ምን እንደነበረባቸው በላያቸው የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። ቀለም፣ አሲድ ወይም የአረም መድኃኒት የነበረበትን በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ፣ ምንም ብታጥቡት። ጽሑፉ ተልጦ ከሆነም ተዉት።

አንዱ የዓሣ ቤት ይሆናል። ሌላውን አግድም ለሁለት ቆርጣችሁ ሁለት የተክል መደብ ታወጡበታላችሁ። እያንዳንዱ ከ1 ካሬ ሜትር ትንሽ ይበልጣል።

የዓሣውን ታንክ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ ቅበሩት። አንደኛ፣ አፈሩ ሙቀቱን ይይዝለታል፤ ቀንና ሌሊት ያለው ልዩነት ይጠባል። ሁለተኛ፣ ታንኩ ዝቅ ሲል መደቦቹም ዝቅ ይላሉ። መደቡ ከታንኩ የውሃ ወለል በላይ መሆን አለበት፣ ያለዚያ ውሃው በራሱ አይመለስም። ታንኩ ሳይቀበር ቢቀመጥ መደቡ ከ5ኛ ክፍል ልጅ ራስ በላይ ይሆናል። ከተቀበረ ግን የመደቡ አፍ ልጁ ወገብ አካባቢ ይመጣል፣ እጁን ዘርግቶ ይሠራል።

ታንኩ ብርሃን ያሳልፋል። ብርሃን ካገኘ ውሃው በአልጌ አረንጓዴ ይሆናል። ከመሬት በላይ የቀረውን ጎን ጥቁር ቀለም ቀቡት፣ ወይም በጥቁር ላስቲክ ጠቅልሉት። አፉ ላይ በብረት ሽቦ መረብ የተሠራ ክዳን ከነቁልፉ ይግጠምለት። ዓሣው እንዳይዘል ይጠቅማል፣ ዋናው ግን ትንንሽ ልጆች እንዳይገቡበት ነው።

መደቡና ቱቦው

መደቦቹን በብሎኬት ላይ አስቀምጡ። አንዱ መደብ ድንጋይና ውሃ ሲሞላ ወደ 400 ኪሎ ይጠጋል፤ ከተራ ጣውላ የተሠራ ጠረጴዛ አይችለውም።

ለመሙያ ሬድ አሽ የምንለውን ቀዳዳ የሞላበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተጠቀሙ። አገራችን ሞልቷል፣ ቀላል ነው፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ባክቴሪያ ይኖርበታል። ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነውን በወንፊት ለዩ። ለሁለቱ መደብ በ30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ወደ 0.7 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ እጠቡት፤ ይሄ አንድ ሙሉ ቀን የሚፈጅ አድካሚ ሥራ ነው፣ ግን ዱቄቱ ካልወጣ ፓምፑን ይበላዋል። ከማስገባታችሁ በፊት ጥቂት ፍሬ በብርጭቆ አቼቶ ውስጥ ጨምራችሁ እዩ። ፊስስ ብሎ አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ተቀላቅሎበታል፣ የውሃውን ፒኤች ከፍ ያደርግባችኋል። ሌላ ፈልጉ።

አሁን የውሃ መውጫው። ብዙ ቪዲዮ ላይ የምታዩት መደቡ ሲሞላ በራሱ ሽው ብሎ የሚመጥ ደወል መሰል ሳይፎን አለ። ያምራል፣ ለፊዚክስ ክፍለ ጊዜም ጥሩ ነው። ግን ትንሽ ሥር ወይም ጠጠር ከገባበት ይቆማል፣ የሚቆመውም ሰው በሌለበት ነው። እኔ ለትምህርት ቤት አልመክረውም። በምትኩ እንዲህ አድርጉ።

የመደቡን ታች ብሱና ለሮቶ መውጫ የሚገጠመውን ባለ ጎማ ማያያዣ እሰሩበት። ከውስጥ በኩል 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 32 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ከቱቦው ግርጌ፣ ከመደቡ ወለል 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በ8 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ሁለት ቀዳዳ ብሱ። ፓምፑ ሲሠራ ከሚወጣው የሚገባው ይበልጣልና መደቡ ይሞላል፤ 25 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ትርፉ በቱቦው አፍ ገብቶ ወደ ታንኩ ይወርዳል። ፓምፑ ሲቆም ደግሞ በሁለቱ ቀዳዳ ቀስ እያለ ይንጠፈጠፋል፣ ሥሩ አየር ያገኛል። የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው የሚበላሽም የለም። ድንጋዩ ቀዳዳዎቹን እንዳይደፍን ዙሪያውን ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በመጋዝ ጎን ጎኑን ሰነጣጥቃችሁ አልብሱት። ሳምንት በሳምንት ተማሪው እጁን በዚህ ቱቦ ውስጥ ከትቶ ሥር ገብቶ እንደሆነ ያያል። የላይኛው 5 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ሁልጊዜ ደረቅ ይሆናል፤ ሻጋታና አልጌ አይዝም።

ፓምፑ በሰዓት 2000 ሊትር የሚገፋ ይሁን። ወደ ላይ ሲገፋ ኃይሉ ስለሚቀንስ በተግባር 1500 ያህል ታገኛላችሁ። ታይመር ግዙና ግማሽ ሰዓት ይሥራ፣ ግማሽ ሰዓት ይረፍ። በጥርስ የሚዞረው ሜካኒካል ታይመር ከዲጂታሉ ይሻላል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል።

ፓምፑን ግን ታንኩ ወለል ላይ አታስቀምጡት። ከወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ በገመድ እሰሩት። አርብ ማታ አንድ ቱቦ ቢነቀል ፓምፑ ውሃውን እየገፋ መሬት ላይ ያፈሰዋል። ወለሉ ላይ ከሆነ ሰኞ ደረቅ ታንክና የሞተ ዓሣ ታገኛላችሁ። ከፍ ካለ ግን 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይቀራል፣ ዓሣው ይተርፋል። ወለሉ ላይ የሚጠራቀመውን ቆሻሻ በየሳምንቱ በቀጭን ጎማ እየመጠጣችሁ ችግኝ ላይ አፍስሱት።

መብራት ሲጠፋ

ዓሣ የሚሞተው በረሃብ አይደለም፣ አየር አጥቶ ነው። መብራት ሲጠፋ የውሃው ፓምፕ መቆም ብዙም አያሳስብም፤ ወደ ታንኩ የሚነፋው አየር መቆም ግን በሰዓታት ውስጥ ይፈርዳል። ስለዚህ አየሩን ከመብራቱ ለዩት።

ባለ 12 ቮልት የአየር ፓምፕ፣ ባለ 70 አምፒር ሰዓት ባትሪና አውቶማቲክ ቻርጀር ግዙ። ቻርጀሩ ሁልጊዜ ባትሪው ላይ ይሁን፣ የአየር ፓምፑ ደግሞ ሁልጊዜ ከባትሪው ይሥራ። መብራት ቢጠፋ ማንም ምንም አይነካም፣ ምንም የሚቀያየር ነገር የለም። 15 ዋት የሚበላ ፓምፕ ከሆነ ባትሪው ግማሽ እስኪደርስ ብቻ እንኳን ከአንድ ቀን በላይ ይይዛል። ለሶላር የሚሸጠው ባትሪ ከመኪናው ይሻላል።

ውሃና 220 ቮልት አንድ ቤት ውስጥ ስላሉ ይሄን በባለሙያ አሠሩት፦ ሰው ሲነዝር ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር ይግጠም፣ ሶኬቱ ከታንኩ ርቆ ከፍ ብሎ ይሰቀል፣ ኤክስቴንሽን መሬት ላይ አይጎተት። ተማሪ እጁን ታንክ ውስጥ ከመክተቱ በፊት የፓምፑ ሶኬት ይነቀል። ይሄ ግድ ነው።

መጀመሪያ ባክቴሪያው

ሁሉም ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ታንኩ ሞልቶ፣ ውሃው እየወረደ ሲያዩት ርእሰ መምህሩም ተማሪውም "ዓሣው መቼ ነው?" ይላሉ። አሳምኗቸው። ባክቴሪያው ሳይራባ የገባ ዓሣ በራሱ አሞኒያ ይሞታል።

ታንኩን በቧንቧ ውሃ ሙሉና ክሎሪኑ እንዲወጣ አየር እየነፋችሁ ሁለት ቀን አቆዩት። ከዚያ በየቀኑ አንድ እፍኝ የዓሣ መኖ ጨምሩ፤ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል። የሚሠራ የዓሣ ኩሬ የምታውቁ ከሆነ ከወለሉ ጥቂት ጠጠር አምጥታችሁ መደቡ ላይ ጣል ብታደርጉ ባክቴሪያው ቶሎ ይይዛል።

በጠብታ የሚሠራ የውሃ መመርመሪያ ያስፈልጋል፤ አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬትና ፒኤች የሚለካ። ከጠቅላላው ዕቃ ውስጥ ለተማሪው ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር የለም። ጠብታው ሲገባ ቢጫው ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ፣ ያንን ከቀለም ካርዱ ጋር ሲያስተያይ፣ ከናይትሮጅን ዑደት ሥዕል ላይ ያጠናውን በእጁ ይዞ ያየዋል። በየሁለት ቀኑ ለኩና ግድግዳ ላይ በሦስት ቀለም ግራፍ ሳሉ። መጀመሪያ አሞኒያው ይወጣል። ከዚያ እሱ ሲወርድ ናይትራይቱ ይወጣል። በመጨረሻ ሁለቱም ዜሮ አጠገብ ሲሆኑና ናይትሬቱ ብቻ ሲጨምር ዝግጁ ነው። ሙቅ ውሃ ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ አዲስ አበባ ብርድ ላይ ከሆነ ከዚያ በላይ ጠብቁ።

ስለዚህ የደጋ ትምህርት ቤት መስከረምና ጥቅምት ግንባታውን፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ባክቴሪያውን ያድርግ፤ ዓሣው ጥር መጨረሻ ብርዱ ሲለቅ ይግባ። ቆላና ወይና ደጋ ያላችሁ ግንባታው እንዳለቀ ባክቴሪያውን መጀመር ትችላላችሁ። የእናንተ ጭንቀት ሙቀት ነውና በግሪንሃውሱ ላይ የጥላ መረብ ጣሉ።

ዓሣው

የዓሣ ጫጩት ለማግኘት መጀመሪያ የሚጠየቀው ሰበታ ያለው ብሔራዊ የዓሣ ምርምር ማዕከል ነው። ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ።

ለዚህ መጠን 25 ጫጩት ይበቃል። ሒሳቡ እንዲህ ነው። ለቅጠላ ቅጠል በ1 ካሬ ሜትር መደብ በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም መኖ ይሰላል። መደባችሁ 2.2 ካሬ ሜትር ስለሆነ ወደ 100 ግራም ይመጣል። ያደገ ዓሣ በቀን የክብደቱን ከ1 እስከ 2 በመቶ ይበላል፣ ስለዚህ 100 ግራሙን የሚጨርሰው ወደ 7 ኪሎ የሚጠጋ ዓሣ ነው። 25 ዓሣ እያንዳንዱ 270 ግራም ሲደርስ ማለት ነው። ይሄን ስሌት ለተማሪዎቹ ተዉላቸው፣ እነሱ ይሥሩት።

የግሪንሃውሱ ውሃ ሌሊት ከ18 ዲግሪ በታች የሚወርድ ከሆነ በቆሮሶ ፋንታ ካርፕ አስገቡ፤ ብርድ ይችላል። አምባዛም ጠንካራ ነው፣ ግን መጠናቸው ሲለያይ ትልቁ ትንሹን ይበላዋል። የትኛውንም ብታሳድጉ የተረፈውን ወንዝ ውስጥ አትልቀቁ፤ እዚያ የሌለ ዝርያ ገብቶ የነበረውን ሊያጠፋ ይችላል።

ጫጩቶቹ ሲመጡ ፌስታሉን ሳትፈቱ ለ20 ደቂቃ ታንኩ ላይ አንሳፉት። ከዚያ ፈታ አድርጋችሁ የታንኩን ውሃ በኩባያ እየጨመራችሁ አለማምዷቸው። በመጀመሪያው ቀን አትመግቧቸው። ቀጥሎ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በ10 ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ። ገና 20 ግራም ሳሉ ለሁሉም በቀን 20 ግራም መኖ ይበቃል። የተረፈውን በወንፊት አውጡ።

መኖውን ከኑግ ፋጉሎና ከፉርሽካ እናዘጋጃለን የሚሉ አሉ። ይቻላል፣ ግን ቤት ውስጥ የተሠራው ውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚፈርስ ታንኩን ያቆሽሻል። ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ጠንካራ ፍሬ የሆነውን፣ ፕሮቲኑ 30 በመቶ አካባቢ ያለውን ግዙ።

አርብ ማታ ደግሞ "የሁለት ቀን" ብሎ እጥፍ የሚጥል ሰው አይጠፋም። ከልክሉት። ያደገ ዓሣ ሁለት ቀን ቢጾም ምንም አይሆንም፤ ያልተበላ መኖ ግን በአንድ ሌሊት አሞኒያውን ይሰቅለዋል።

ተክሉ

በሰላጣ፣ በቆስጣ፣ በጎመንና በበሶብላ ጀምሩ። ቲማቲምና ቃሪያ ብዙ ምግብ ይፈልጋሉ፣ ዓሣው ሲያድግ ይደርሳሉ። ካሮትና ድንች እርሷቸው። ዓሣው ትንሽ ሳለ መደቡን ሁሉ አትሙሉት፤ ሩቡን ተክላችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ። የችግኙን አፈር በደንብ አጥባችሁ ሥሩን ድንጋዩ ውስጥ ቅበሩት። ሰላጣ ከተተከለ ከ5 እስከ 6 ሳምንት ይደርሳል። በትል ኮምፖስት ከሚያዘጋጁ (ቨርሚ ኮምፖስት) ሰዎች እፍኝ ቀይ ትል ለምናችሁ መደቡ ውስጥ ብትጨምሩ ደለሉን እየበላ ያጸዳላችኋል።

አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ከሆነ ብረት አንሷል። የዓሣ መኖ በቂ ብረት የለውምና ይሄ የታወቀ ነው፤ ኪሌት የሆነ ብረት (ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ለተክሉ እንዲቆይ ተደርጎ የተዘጋጀ) ከግብርና ግብዓት ሻጮች ገዝታችሁ በ1 ሊትር ውሃ 2 ሚሊ ግራም ሒሳብ ጨምሩ፣ ለ1000 ሊትር በውስጡ ያለው ብረት ብቻ ሲቆጠር 2 ግራም ማለት ነው። ፒኤች ከ6.5 እስከ 7.2 ይሁን። ባክቴሪያው እየሠራ ሲሄድ ውሃው አሲድ ይሆናልና ፒኤች ይወርዳል። የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት በጨርቅ ከረጢት ታንኩ ውስጥ አንጠልጥሉ። ውሃው አሲድ ሲሆን በራሱ ይሟሟል፣ ሲስተካከል ያቆማል፤ እሁድም ይሠራል።

ክሽክሽ ወይም ነጭ ዝንብ ቢመጣ ምንም መድኃኒት አይረጭም። ሳሙናም፣ ኒምም ቢሆን ዓሣውን ይጎዳል። ቢጫ ላስቲክ ላይ ቫዝሊን ቀብታችሁ ስቀሉ፣ የተጠቃውን ቅጠል ቁረጡ፣ ቀሪውን በውሃ ግፊት እጠቡት።

ተራና መዝገብ

በየቀኑ ሁለት ተማሪ ተራ ይግባ። ጠዋት ክፍል ከመግባታቸው በፊት የውሃውን ሙቀት፣ የውሃውን ከፍታ፣ የመኖውን ግራምና የዓሣውን ሁኔታ ጽፈው ይፈርሙ። ዓሣው ውሃ ላይ አፉን ከፍቶ አየር የሚጎርስ ከሆነ ከምንም በፊት የአየር ፓምፑ ይታይ። እጃቸውን በሳሙና ታጥበው በደንብ ያለቃልቁ፣ ሲጨርሱም እንደገና። በሳምንት አንዴ ሙሉ ምርመራ ይደረግ። አሞኒያ ወይም ናይትራይት ከ1 ሚሊ ግራም በሊትር ካለፈ መኖ ይቁም፣ የውሃው ሲሶ ክሎሪኑ በወጣ ውሃ ይቀየር።

ለዘበኛው የስልክ ቁጥር ዝርዝርና አንድ ገጽ ትእዛዝ ግድግዳ ላይ ለጥፉለት፦ አየሩ ቆሞ ከሆነ ምን እንደሚያደርግ፣ ለማን እንደሚደውል። ከምርቱም ድርሻ ይኑረው፤ ቅዳሜና እሁድ ጠባቂው እሱ ነው።

ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ሰኔ ላይ፣ መደቡን አጽዱና አዳዲስ ችግኝ ትከሉ። ያለ ተክል ናይትሬቱ ይጠራቀማል። በሐምሌ ደመና ውሃው ስለሚቀዘቅዝ መኖው ይቀነስ፤ ከ18 ዲግሪ በታች ጥቂት፣ ከ16 በታች ምንም። ሰፈሩ ቅርብ የሆነ ተማሪና መምህር በሳምንት ሦስት ቀን እንዲመጡ ስም ዝርዝሩ ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ ይለቅ። የሚጎድለውን በጣሪያ የዝናብ ውሃ ሙሉ፣ ክሎሪን የለውም።

ዓሣው የሚደርሰው በሁለተኛው ዓመት ነው። በሁዳዴ ዓሣ ተፈላጊ ስለሚሆን ለመምህራን ካፌ መሸጥ ለሚፈልግ ክበብ ጊዜው ያ ነው። ግን 25ቱን በአንድ ቀን አታውጡ፤ ባክቴሪያውም ተክሉም በድንገት ምግብ ያጣሉ። ትልልቆቹን አምስት አምስት እያደረጋችሁ አውጡና በእነሱ ቦታ ጫጩት ተኩ። አዲሶቹን ከትልልቆቹ ጋር ከመቀላቀላችሁ በፊት በመረብ ከፍላችሁ ጥቂት ሳምንት አሳድጓቸው።